በጅምላ የተሠራ ድረ ገጽ ለማን ያተርፋል?

በ2004 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው ማርቼክስ የተባለ ኩባንያ የኢንተርኔት አድራሻዎችን በ164 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የገዛው ከ100,000 በላይ የዶሜይን ስሞችን ነው። አንድ ግለሰብ ለዓመታት ያጠራቀማቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ መጨረሻቸው ዶት ኮም የሆኑ ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ስም በአድራሻ መጻፊያው ላይ ራሱ ይጽፍና መጨረሻው ላይ ዶት ኮም ይጨምርበታል። የሚያርፈው ማስታወቂያ ብቻ የተደረደረበት ገጽ ላይ ነው። አንዱን ማስታወቂያ ሲነካ ለስሙ ባለቤት ጥቂት ሳንቲም ይገባለታል። ሥራው ይኸው ነበር፤ 164 ሚሊዮን ዶላርም ያስወጣው ይኸው ነው።

ማርቼክስ በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ስሞቹ ባዶ ከሚቀመጡ እውነተኛ ድረ ገጽ ይሠራባቸው ብሎ ተነሳ። በ2007 ከ100,000 በላይ ድረ ገጾችን በአንድ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ማድረጉን አበሠረ። በአሜሪካ የፖስታ መለያ ቁጥሮች የተሰየሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አድራሻዎችም ነበሩት። የቤቨርሊ ሂልሱን 90210 የመሰለ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይወሰድና ዶት ኮም ይጨመርበታል፤ ከዚያ የአካባቢው ምግብ ቤትና ሆቴል ዝርዝር በማሽን እየተሰበሰበ ይሞላበታል። ኩባንያው ገንዘብ ነበረው፣ መሐንዲሶች ነበሩት፣ ከማስታወቂያ አቅራቢዎችም ጋር ውል ነበረው። ስሞቹም የራሱ ነበሩ።

በ2015 ጎዳዲ የተባለው የዶሜይን ሻጭ ከማርቼክስ 200,000 ያህል ስሞችን በ28.1 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሲካፈል ለአንድ ስም 140 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ማርቼክስ ምርጥ ምርጦቹን በነጠላ ሸጧል፤ ከማስታወቂያም ገቢ አግኝቷል። ስለዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ኪሳራ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ገዥ በመጣ ጊዜ ዋጋ የወጣላቸው ስሞቹ ነበሩ፤ ያውም በጅምላ ዋጋ። በላያቸው የተሠራው የገጽ ክምር ዋጋቸውን ከፍ ሊያደርግላቸው አልቻለም።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ማርቼክስ ያልሆነለትን ነገር ዛሬ ሃምሳ ወይም ሦስት መቶ ስም ለያዘ ግለሰብ የሚሸጡ አገልግሎቶች ስለበዙ ነው። አቀራረባቸው ተመሳሳይ ነው። «የስሞችህን ዝርዝር ላክልን፤ በእያንዳንዱ ላይ ጽሑፍ፣ ምስልና ማስታወቂያ ያለው ሙሉ ድረ ገጽ እንሠራልሃለን፤ ጎግል ያውቃቸዋል፤ ጎብኚ ይመጣል፤ ገቢውም ስሞቹን ከማሳደስ አልፎ ይተርፍሃል» ይላሉ። የአንዱ ገጽ ዋጋ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ብዛት ላለው ደግሞ ቅናሽ አለው። በ2008 እና በ2009 አካባቢ ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። አሁን ደግሞ ጽሑፍ የሚያመርት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየሰዉ እጅ በመግባቱ እንደገና ተነስተዋል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። በአዲስ አበባ ቦታ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣለት የሚጠብቅን ሰው አስቡ። የዶሜይን ነጋዴም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ነጋዴው አጥሩን በየዓመቱ ገንዘብ ከፍሎ ማደስ ያለበት መሆኑ ነው። እስከ 1995 ድረስ ስም ማስመዝገብ በነጻ ነበር። በዚያ ዓመት ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ተተመነ፤ በ1999 ስም የሚመዘግቡ ድርጅቶች (መዝጋቢዎች) መወዳደር ሲጀምሩ ደግሞ ዋጋው ወርዶ ብዙ ሰው መቶም ሁለት መቶም ስም ያዘ። ዛሬ የዶት ኮምን መዝገብ የያዘው ቬሪሳይን ከመዝጋቢዎች በጅምላ የሚቀበለው በዓመት 10.26 ዶላር ነው፤ ነጋዴው የሚከፍለው ከዚያ በላይ ነው። በአሥራ አንድ ዶላር ብናሰላው እንኳ አምስት መቶ ስም የያዘ ሰው አንድም ባይሸጥ በየዓመቱ 5,500 ዶላር ያወጣል።

ይህን ወጪ ድሮ የሚሸፍነው ያ የማስታወቂያ ገጽ ነበር፤ በነጋዴዎቹ አነጋገር «ፓርኪንግ» ይባላል። ከ2008 በኋላ ግን ከፓርኪንግ የሚገኘው ገቢ እየቀነሰ ሄደ። ሰው አድራሻ በግምት መጻፉን ትቶ ሁሉን ነገር በመፈለጊያው ውስጥ መጠየቅ ጀመረ። ጎግል በ2008 መጨረሻ ለግለሰብ የስም ባለቤቶች የከፈተውን የማስታወቂያ አገልግሎት በ2012 ዘጋው። ገቢው የደረቀበት ነጋዴ «ድረ ገጽ ሥራበት» የሚል ምክር ሲሰማ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ምክሩ በራሱ ስህተት የለውም። ስህተቱ ያለው «በጅምላ» የሚለው ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። እንበልና አገልግሎቱ ለአንድ ገጽ 99 ዶላር ያስከፍላል። ስሙን ለሁለት ዓመት ለማሳደስ 22 ዶላር ይጨመርና 121 ዶላር ይሆናል። ይህን በሁለት ዓመት ለመመለስ ገጹ በወር አምስት ዶላር ያህል ማስገባት አለበት። አምስት ዶላር! ማንም ቢሰማው «ይህማ መቼ ይጠፋል?» ይላል። ማባበያው ያለውም እዚህ ላይ ነው። አሁን ወደ ጎብኚው እንሂድ። አንድ የማስታወቂያ ክሊክ 25 ሳንቲም ቢያስገኝ፣ አምስት ዶላር ለመሙላት ሃያ ክሊክ ያስፈልጋል። ከመቶ ጎብኚ ሁለቱ ማስታወቂያ ይነካሉ ብንል፣ ሃያ ክሊክ የሚገኘው ከአንድ ሺህ ጎብኚ ነው። ለአንድ ገጽ በወር አንድ ሺህ ጎብኚ፣ ለሦስት መቶ ገጽ ሦስት መቶ ሺህ ጎብኚ ማለት ነው። ወጪን ለመመለስ ብቻ! ከዚያ በኋላ ነው ትርፍ የሚባለው ነገር የሚጀምረው።

በወር ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሚጎበኘው ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ ዘጋቢ፣ አርታኢ፣ ፎቶ አንሺና የዓመታት ልፋት ያለው የዜና ተቋም ነው። ይህን ያህል አንባቢ ማንም ቁጭ ብሎ ባልጻፋቸውና ካለቁ በኋላም ማንም ተመልሶ በማያያቸው ገጾች ይገኛል ማለት ነው ተስፋው። ከላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አንባቢ በፈለገው ይተካቸው። ክሊኩን ሃምሳ ሳንቲም ቢያደርገውም የሚቀረው መቶ ሃምሳ ሺህ ጎብኚ ነው። ጥያቄው ያው ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ከየት ይመጣሉ?

ሻጩ «ከጎግል» ይላል። እሺ፣ ጎግል ለምን ይልካቸዋል?

ይህን ለመመለስ ከእንደዚህ ዓይነት ገጾች አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአንድ የአሜሪካ ከተማ ስምና «የውሃ ማሞቂያ» በሚሉ ቃላት የተሰየመ ገጽ እንውሰድ። ከላይ በጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች፣ ፈገግ ያለች ሴት ምስል አለ፤ ይህቺው ሴት በጥርስ ሐኪሙም በጠበቃውም ገጽ ላይ ትገኛለች። ከሥር «የውሃ ማሞቂያ ለቤተሰብዎ ለምን ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ ይቀጥላል። ውሃ ማሞቂያ ውሃ እንደሚያሞቅ፣ በኤሌክትሪክና በጋዝ የሚሠራ እንዳለ፣ ከመግዛት በፊት ዋጋ ማወዳደር መልካም እንደሆነ በስድስት አንቀጽ ይተነትናል። የከተማው ስም ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ሳይዋሃድ አራት አምስት ጊዜ ተሰክቷል። የከተማው ውሃ ማዕድን የበዛበት ይሁን ለስላሳ፣ ክረምቱ የቧንቧ ውሃ በረዶ የሚያደርግ ይሁን አይሁን፣ ማሞቂያ ለማስገባት የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ የሚነግር አንድም መስመር የለም። ግርጌው ላይ «ያግኙን» የሚል ቅጽ አለ። ሌሊት ማሞቂያው የፈነዳበት ሰው ስልኩን ሞልቶ ቢልክ መልእክቱ የሚደርሰው ስሙን ለያዘው ነጋዴ ኢሜይል ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ከሦስት መቶ ገጽ የሚመጣውን አላስፈላጊ መልእክት ከሰለቸ ቆይቷል።

የከተማውን ስም ቀይሩት፤ ጽሑፉ አንድም ቃል ሳይነካ ይሠራል። በጅምላ መሥራት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ሰው ወደ አንድ ገጽ እንዲመለስ፣ ለጓደኛው እንዲልከው፣ ሌላ ድረ ገጽም እንዲጠቅሰው የሚያደርገው ግን ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊያስቀምጥበት የሚችለው ነገር ነው። እንዲህ ያለው እውቀት በአንድ ስም ላይ ተሠርቶ ወደ ሌሎቹ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ስሞች አይገለበጥም።

መፈለጊያዎችም ይህን ካወቁት ቆይተዋል። በጣም የሚያስተምረው የዲማንድ ሚዲያ ታሪክ ነው። በ2006 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ትልቅ የዶሜይን መዝጋቢ ገዝቶ፣ በሌላ እጁ ኢሃው የተባለውን ድረ ገጽ ይዞ፣ ሰዎች በመፈለጊያ ምን እንደሚጠይቁ በኮምፒውተር እያሰላ በርካሽ ዋጋ ጽሑፍ ያስመርት ነበር። ለአንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው 15 ዶላር ያህል ነው። በጥር 2011 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲመዘገብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። ወር ሳይሞላው ጎግል «ፓንዳ» ተብሎ የሚታወቀውን የአሠራር ለውጥ አወጣ። ጎግል ራሱ እንዳለው በአሜሪካ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች 11.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ የውጤቱ ደረጃ ጎልቶ ተቀየረ። ዒላማው ፍሬ የሌላቸው፣ ከሌላ የተገለበጡና በጅምላ የተመረቱ ገጾች ነበሩ። የኩባንያው ድረ ገጾች ጎብኚ በዚያው ዓመት እያሽቆለቆለ ሄደ፤ አክሲዮኑም አብሮ ወረደ።

የዶሜይን ነጋዴውን በቀጥታ የነካው ግን በመስከረም 2012 የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ የስሙ ቃል ከሚፈለገው ቃል ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ገጹን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። የጅምላ ገጽ ሻጮች ዋና መከራከሪያም «ስምህ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል» የሚል ነበር። ጎግል ጥራት የሌላቸው ሆነው በስማቸው ብቻ ከላይ የሚወጡ ገጾችን ዝቅ እንደሚያደርግ አስታውቆ መከራከሪያውን አፈረሰው። በመጋቢት 2024 ደግሞ ፖሊሲውን ግልጽ አደረገው። ጽሑፉን ሰው ጻፈው፣ ማሽን ጻፈው ወይም ሁለቱ ተጋገዙበት፣ የመፈለጊያ ውጤት ለማዛባት ተብሎ በብዛት እስከተመረተ ድረስ ደንብ መጣስ ነው። ጎግል በዚያ ለውጥ ጥራት የጎደለውን ይዘት በ40 በመቶ ለመቀነስ ማቀዱን ገልጾ ነበር፤ ቆይቶም 45 በመቶ መድረሱን አስታውቋል።

በዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በጅምላ የተሠሩ ገጾች ተሰባስበው ነው የሚመቱት። የገጽ ንድፋቸው አንድ ነው፤ የተቀመጡበት ሰርቨር አንድ ነው፤ የማስታወቂያ መለያ ቁጥራቸው አንድ ነው። አንዱን ያወቀ ሁሉንም ያውቃል። ነጋዴው ሦስት መቶ ስም የያዘው አንዱ ባይሸጥ ሌላው ይሸጣል ብሎ አደጋውን ለመበተን ነበር። የጅምላ አገልግሎቱ የተበተነውን አደጋ መልሶ በአንድ ገመድ ያስረዋል።

ስሙ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። ቁምነገር ያለው ገዥ ስም ከመግዛቱ በፊት ታሪኩን ያያል፤ በድሮ ገጾች ማከማቻ ምን እንደነበረበት ይመለከታል፤ ከመፈለጊያ ተሰርዞ እንደነበር ይጠይቃል። ባዶ ኖሮ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ ብቻ የነበረበት ስም ንጹሕ ነው። ለሁለት ዓመት የውሃ ማሞቂያ ሐተታ ሲያራግፍ የከረመ ስም ጥያቄ ያስነሳል። ከዚህም በላይ ሊገዛ የፈለገ ሰው መጥቶ ድረ ገጽ ሲያይ ስሙ ሥራ ላይ ያለ መስሎት ሳይጠይቅ ሊመለስ ይችላል። ነጋዴው ደግሞ ሲነግድ የኖረው ያንን የአንድ ቀን ጥያቄ ጠብቆ ነው።

የንግድ ምልክት ጉዳይም አለ። በሦስት መቶ ስም ዝርዝር ውስጥ የታወቀ ድርጅት ስም የሚመስል አንድ ሁለት ስም አይጠፋም። ገጹን በጅምላ የሚሞላው ማሽን ይህን አይለይም፤ በስሙ ላይ የተፎካካሪዎችን ማስታወቂያ ይደረድራል። ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዶሜይን ክርክር ደንብ፣ ከሌላው የንግድ ምልክት ጋር በማመሳሰል ለጥቅም ጎብኚ መሳብ የክፉ ልቦና ማስረጃ ተብሎ ተዘርዝሯል። ባለ ምልክቱ ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አንድ ዳኛ ለሚያየው እስከ አምስት ስም ያለው ክስ 1,500 ዶላር ከፍሎ ስሙን ሊያስነጥቅ ይችላል። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ለመወሰን ይፈቅዳል። በዚያን ጊዜ ተከሳሹ የስሙ ባለቤት ነው። ገጹን የሞላው አገልግሎት በውሉ ግርጌ ኃላፊነቱን ለደንበኛው ካስተላለፈ ቆይቷል።

እንዲህም ሆኖ በስም ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ሀብት አይሆንም ማለት አይደለም። ዳይፐርስ ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2010 በአማዞን የተገዛው 545 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ስምምነት ነው። ዳይፐር ማለት የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ግልጽ ስም አይገኝም። ነገር ግን ኩባንያውን በ2005 የመሠረቱት ሰዎች ሥራውን የጀመሩት በሌላ ስም ነበር። ያ ግልጽ ስም የመጣው ቆይቶ ነው። አማዞን የገዛው መጋዘኖቹን፣ ዕቃውን በማግስቱ የእናቲቱ ደጃፍ የሚያደርሰውን አሠራርና በዚህ ምክንያት የማይለዩትን ደንበኞች ነው። መሥራቾቹ መቶ ስም ይዘው ሥራቸውን በመቶ ቢከፋፍሉት ኖሮ አንዱም አይቆምም ነበር። የጅምላ ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ እንዲህ ያሉ ስኬቶችን ሲጠቅሱ ሳይ እናደዳለሁ፤ የሚጠቅሱት ታሪክ እነሱ ከሚሸጡት ነገር ተቃራኒ ነውና።

ሻጮቹ የሚያሳዩት ሌላው ማስረጃ የገቢ ሰንጠረዥ ነው፤ «ይህ ስም ባለፈው ወር ይህን ያህል አስገባ» የሚል። ሰንጠረዡ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ጥሩ ስም ከሆነ ድሮም በግምት አድራሻ ጽፎ የሚመጣ ጎብኚ አለው፤ ገጹ ባይሠራበትም ገቢው ይገኝ ነበር። እንዲያውም የፓርኪንግ ገጽ ከማስታወቂያ በቀር ምንም ስለሌለበት የመጣው ሰው ማስታወቂያውን ይነካል። ጽሑፍና ምስል ሲሞላበት ግን ሁለት መስመር አንብቦ ይወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ገጹ ከመሠራቱ በፊት ያው ስም ምን ያስገባ እንደነበር ነው። ያንን ዓምድ ሰንጠረዡ ላይ ያስቀመጠ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገሩን ቀይሮታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው ቀይሮታል፤ ድሮ 15 ዶላር የሚያስወጣው ጽሑፍ ዛሬ ከሳንቲም ባነሰ ወጪ ይመረታል፤ ሰዋስዉም ከድሮው የተሻለ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለሁሉም በነጻ ሲገኝ ዋጋው ለሁሉም ይወርዳል። ስምህን ሊገዛ የሚመጣው ሰው ያንኑ ገጽ በአንድ ከሰዓት ራሱ ሊሠራው ይችላልና ለሠራኸው ገጽ አምስት ሳንቲም አይጨምርልህም። ጎግልም ከግንቦት 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ለብዙ ጥያቄዎች ከውጤቶቹ በላይ በማሽን የተዘጋጀ መልስ እያሳየ ነው። «ውሃ ማሞቂያ ስንት ዓይነት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። በጅምላ የተሠራው ገጽ የሚያውቀው እንዲህ ያለውን አጠቃላይ መልስ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱንም ተነጥቋል።

ወደ እኛ ሰው ስመጣ ጉዳዩ ከኪስ ኪሳራ ያልፋል። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአዲስ አበባ «አዲስ»፣ «ሐበሻ»፣ «ኢትዮ» የሚሉ ቃላትን ከሥራ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከሆቴል ጋር አጣምረው ዶት ኮም የያዙ ወጣቶች አሉ። አገር ቤት ላለው የማሳደሻው ዶላር ራሱ ፈተና ነው፤ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለአንድ ስም የሚያወጣው ብር በእጥፍና ከዚያ በላይ ጨምሯል። እንዲህ የተጨነቀ ሰው «ገጽህን በእንግሊዝኛም በአማርኛም እንሞላልሃለን» ሲባል ይሳባል።

አማርኛ ግን እንደ እንግሊዝኛ ብዙ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ያለው ቋንቋ አይደለም። በእንግሊዝኛ አንድ ሺህ ፍሬ ቢስ ገጽ ቢጨመር በሚሊዮኖች ውስጥ ይሰጥማል። በአማርኛ አንድ ሺህ ገጽ የአንድን ጉዳይ መፈለጊያ ሙሉ በሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። በ2024 የአማዞን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ጽሑፍ ባነሳቸው ቋንቋዎች በድረ ገጽ ላይ ከሚገኘው ይዘት ትልቅ ድርሻ ያለው ወደ ብዙ ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ መሆኑን፣ ምንጩም ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ለማግኘት የተጻፈ ዝቅተኛ ጥራት ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደሚመስል አመልክቷል። የጅምላ ገጽ ንግድ ወደ አማርኛ ሲገባ የሚመጣው ይኸው ነው።

ጅዳ ወይም ዱባይ ሆና በሰው ቤት የምትሠራ እህት ፓስፖርቷን ለማሳደስ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልጋት በስልኳ በአማርኛ ትፈልጋለች። የሚወጣላት ገጽ ስሙ መንግሥታዊ ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን ከሌላ አገር መመሪያ ተተርጉሞ፣ የሌለ ክፍያና የሌለ ቅጽ ጠቅሶ፣ ቀኑም ሳይጻፍበት የተለጠፈ ነው። ያንን ይዛ ከአሠሪዋ በመከራ ያስፈቀደችውን አንድ ቀን ቆንስላ በር ላይ ታጠፋዋለች። የስሙ ባለቤት ይህ መድረሱን እንኳ አያውቅም። እሱ የሚያየው በሰንጠረዡ ላይ «አንድ ጎብኚ» የሚለውን ነው። በአማርኛ በሚሠራ ገጽ ላይ ስሙን የሚያኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ትርፍ ቢያገኝበትም እንኳ።

ታዲያ ሦስት መቶ ስም የያዘው ሰው ምን ያድርግ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ዝርዝሩን እቀንሳለሁ። የጅምላ አገልግሎቱን የሚያጓጓ ያደረገው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያውኑ መያዝ ያልነበረባቸው ስሞች ሸክም ነውና። በሦስት ዓመት አንድም ጥያቄ ያልመጣባቸው ቢለቀቁ የማሳደሻው ወጪ ወዲያው ይቀላል። ለተቀሩት አንድ መስመር የሽያጭ ማስታወቂያና በእርግጥ የሚመለስ የኢሜይል አድራሻ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ራሱ ስለሚያውቀው ጉዳይ የሆነ አንድ ስም ካለ፣ የቡና ላኪ ልጅ ከሆነ ስለ ቡና፣ ነርስ ከሆነ ስለ ጤና፣ በዚያ ላይ ጊዜውን ያፍስስ።

አሁንም ከጅምላ ሻጭ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ካለ «ምን ያህል ታስገባልኛለህ?» ብሎ መጠየቁ ምንም አይፈይድለትም፤ ለዚህ መልሱ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። አንዳንዶቹ «ቅድሚያ አንጠይቅም፤ ገቢውን እንካፈላለን» እስከማለት ይደርሳሉ። ይህም ቢሆን ዋስትና አይሆንም፤ ገጹን መሥራት ለእነሱ ምንም አያስወጣቸውምና ከሺህ ስም አሥሩ ቢያስገቡ ይበቃቸዋል፤ የሺውን ማሳደሻ የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ስለዚህ ድርድሩ በማሳደሻው ላይ ይሁን። «ገጹን ሥሩ፤ ውሉ እስኪያልቅ የየዓመቱን የስም ማሳደሻ እናንተ ክፈሉ፤ ገቢው ሲመጣ የከፈላችሁትን መጀመሪያ አንሱ፣ የተረፈውን እንካፈላለን» ይበላቸው። ገጾቹ በወር አምስት ዶላር እንደሚያስገቡ በእርግጥ የሚያምኑ ከሆነ በዓመት አሥራ አንድ ዶላር አይከብዳቸውም። እምቢ ካሉት ደግሞ ዝርዝሩን አይላክላቸው።